በረንዳ ላይ ለሚያድሩ ሰዎች ብርድ ልብስ ይበቃል?

ጥያቄ፦ አዳማ መናኸሪያ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለኝ። ማታ ስዘጋ በረንዳው ላይ ስድስት ሰባት ልጆችና አንድ አዛውንት ያድራሉ። ባለፈው ሳምንት አዛውንቱ ሌሊቱን ሲንቀጠቀጡ አድረው ጠዋት ስከፍት አፋቸው ተሳስሮ አገኘኋቸው። ዘበኛው አረቄ አቀመሳቸው፤ አንዱ ልጅ እጅና እግራቸውን አሸላቸው። ረፋድ ላይ ተሻላቸው። አሁን የመስመራችን ነጋዴዎች አዋጥተን ብርድ ልብስ ልንገዛላቸው ነው። ማታ ማታ ከሰል እናቀጣጥልላቸው ያለም አለ። ምን ብናደርግ ይሻላል? ደግሞስ አዳማ ሙቀት አይደለች እንዴ፤ እዚህ ብርድ ሰው ይገድላል?

ምላሽ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። አዎ፣ ይገድላል። ለዚያ ደግሞ በረዶ መጣል የለበትም። ሰውነታችን ከውስጥ 37 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ነው የሚሠራው። ከ35 በታች ሲወርድ ነገሩ ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ይሆናል። 32 አካባቢ ሲደርስ ሰውየው በደንብ ማሰብ ይሳነዋል፤ መንቀጥቀጡም እየቆመ ይመጣል። ከ28 በታች ከሆነ ልብ ምቱን ሊስት፣ ሊቆምም ይችላል። ልብ ይበሉ፣ ከ37 እስከ 35 ያለው ሁለት ዲግሪ ብቻ ነው። ያቺን ሁለት ዲግሪ ለማጣት ደብረ ብርሃን መሄድ አያስፈልግም።

አዳማ ቀን ታቃጥላለች። ስለዚህ ማንም ሌሊቱን አያስበውም። ግን ከተማዋ ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ሲል፣ መሬት ቀን የያዘችው ሙቀት ማታ ሽው ብሎ ይሄዳል። ንጋት ላይ ወደ 10 ዲግሪ አካባቢ ሊወርድ ይችላል። ከዚያ ንፋሱ አለ። ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ የተተከሉት የንፋስ ማመንጫዎች ለጌጥ አልቆሙም። አዳማ አንድና አዳማ ሁለት አንድ ላይ 136 ተርባይን ናቸው፤ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ያ ንፋስ ነው በረንዳዎ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚያልፈው። 10 ዲግሪ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ንፋስ ሲጨመርበት ቆዳ ላይ የሚሰማው 7 ዲግሪ ያህል ነው። እኛ በርና መስኮት ዘግተን ስለምንተኛ አናውቀውም።

ደግሞ ብርዱ ብቻውን አይመጣም። ሰውየው ማታ አልበላም። ልብሱ በላብ ወይም በዝናብ ርሷል። ውሃ ሙቀትን ከአየር 25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ ነው የሚወስደው፤ ስለዚህ እርጥብ ሹራብ ለብሶ ከመተኛት ደረቅ ሸሚዝ ለብሶ መተኛት ይሻላል። ከስሩ ያለው ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ከጀርባው ሙቀት ይስባል። ዕድሜ፣ ሕመም፣ መጠጥ ሲደመርበት ሁለት ዲግሪ ምን አላት?

አሁን ወደ አባባ ልምጣ። ዘበኛው ደግ ሰው ነው፤ ያለውን ነው ያካፈለው። አረቄው ግን አልረዳቸውም። አረቄ ሲጠጡ ሰውነት የሚሞቅ የሚመስለው ከቆዳ ስር ያሉት የደም ሥሮች ስለሚከፈቱ ነው። ውስጥ ያለው ትኩስ ደም ወደ ቆዳ ይወጣል፣ ፊት ይግላል፣ ሙቀቱም በንፋሱ ይወሰዳል። ልብና ሳንባ አካባቢ ያለው ሙቀት ይቀንሳል ማለት ነው። በዚያ ላይ አልኮል መንቀጥቀጥን ያዳክማል፣ በባዶ ሆድ ሲሆን ደግሞ የደም ስኳርን ያወርዳል። መንቀጥቀጥ እኮ የሰውነት ምድጃ ነው፤ ያን ምድጃ ማጥፋት አንፈልግም። ረፋድ ላይ የተሻላቸው ፀሐይ ስለወጣ ይመስለኛል። ምስጋናው ለፀሐይ ይሁን።

እጅና እግር ማሸቱም ቢቀር ይሻላል። በጣም የቀዘቀዘ ሰው እጅና እግሩ ላይ ያለው ደም ቀዝቅዟል። በግድ ሲታሽ ቀዝቃዛው ደም ወደ ልብ ይመለሳል። የቀዘቀዘ ልብ ደግሞ ቁጡ ነው፤ በትንሽ ነገር ምቱ ይዛባል። ስለዚህ አይታሽ፣ አይንገላታ፣ «ተነስ ተራመድ፣ ይለቅሃል» አይባል።

ድንገተኛ ክፍል ስሠራ ደጋግሜ የማየው አንድ ነገር አለ። ብርድ የጎዳው ሰው የሚመጣው «ሰክሮ ነው» ተብሎ ነው። እውነትም ይመስላል። ቃሉ ይጎተታል፣ ሲቆም ይንገዳገዳል፣ ይነጫነጫል፣ የጠየቁትን ትቶ ሌላ ይመልሳል። ጠጥቶም ሊሆን ይችላል፤ ጠጥቶ ብርድ ሲጎዳው ደግሞ የባሰ ነው። ስለዚህ ሽታውን ትታችሁ እጁን እዩ። «እስቲ የጃኬትህን ቁልፍ ቆልፍ» በሉት። በጣቶቹ ቁልፉን ይዞ ቀዳዳው ውስጥ ማስገባት ካቃተው፣ እንደ ሕፃን ከታገለ፣ ነገሩ ቀላል አይደለም። ስሙንና ያለበትን ቦታ ጠይቁት። ቀስ ብሎም ቢሆን ከመለሰ ጥሩ ነው። ካልመለሰ ጊዜ አታባክኑ።

ከሁሉ የሚያስፈራው ምልክት ብዙ ሰው የሚደሰትበት ነው። ሲንቀጠቀጥ የነበረ ሰው ሳይሞቅ ዝም ሲል «እፎይ፣ ተሻለው» ይባላል። አልተሻለውም። ሰውነቱ ደክሞ መንቀጥቀጡን ትቶታል። ከዚያም አልፎ አንዳንዱ በብርዱ መሃል ልብሱን ማውለቅ ይጀምራል። አእምሮው ስለተዛባ ሞቀኝ ይላል። መንገደኛው «አበደ» ብሎ ያልፈዋል። እንዲህ ያለ ሰው ካያችሁ ሕይወቱ የቀረው በሰዓት የሚቆጠር ሊሆን ይችላል።

የሚንቀጠቀጥ ሁሉ ግን ብርድ የጎዳው አይደለም። ይሄን ለይቶ ማወቅ አዳማ ላይ የግድ ነው፤ ምክንያቱም ብርዱ የሚጀምርበት ወቅትና ወባ የሚበረታበት ወቅት ይገናኛሉ። ከመስከረም እስከ ኅዳር ድረስ የሚንቀጠቀጥ ሰው ወባ ሊሆን ይችላል። መለያው ቀላል ነው። የእጅዎን ጀርባ ከልብሱ ስር አስገብተው ሆዱን ይንኩ። እጅና እግር አይንኩ፤ እነሱ የማንም ሰው ይቀዘቅዛሉ። ሆዱ የሚያቃጥል ከሆነ ትኩሳት ነው፤ ወደ ጤና ጣቢያ። ሆዱ እንደ ወለሉ ከቀዘቀዘ ብርድ ነው፤ አሁኑኑ ይሞቅ። ቴርሞሜትር ካላችሁ ጥሩ፣ ግን ተራው ቴርሞሜትር ብዙ ጊዜ ከ34 ወይም ከ35 በታች አይለካም። የሜርኩሪው 35 ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ዲጂታሉ «ሎ» ብሎ ይጽፋል። «35 ነው፣ ደህና ነው» ብላችሁ እንዳትሸወዱ። 35 ላይ የቆመው ሰውየው ሳይሆን መለኪያው ሊሆን ይችላል።

ትኩሳቱን ካነሳሁ አንድ ሌላ በሽታም አለ። በልብስ ቅማል የሚተላለፍ፣ ለቀቀ ሲሉት ከቀናት በኋላ የሚያገረሽ ትኩሳት። በሀገራችን ጎዳና ላይ በሚያድሩና ተጨናንቀው በሚኖሩ የቀን ሠራተኞች ላይ በተደጋጋሚ የታየ ነው። ሰዎች ሲበርዳቸው ተጠጋግተው ይተኛሉ፣ ልብስ ይደራርባሉ፣ አያወልቁም፣ አያጥቡም። ቅማሉም ይመቸዋል። ድንገት ኃይለኛ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት አንዱን ልጅ ከያዘውና በሳምንቱ ጎኑ የሚተኛውን ከደገመ ይሄን ጠርጥሩ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፣ ግን ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትስጡ። የመጀመሪያው መድኃኒት ከተሰጠ በኋላ በሰዓታት ውስጥ በሽተኛው ብርቱ ንቅጥቃጤ ሊይዘው፣ ግፊቱም ሊወርድ ይችላል። ያን ጊዜ ነርስ አጠገቡ መኖር አለባት።

እሺ፣ ሆዱ ቀዝቅዟል። ምን ይደረግ? መጀመሪያ ከንፋስና ከወለሉ ይነሳ። ሱቁ ውስጥ ካርቶን ላይ ማስተኛት ብቻ ትልቅ ነገር ነው። እርጥብ ልብስ ካለው ይውለቅ፤ ደረቅ ይልበስ፤ ራሱ በኮፍያ ወይም በፎጣ ይሸፈን። ከዚያ ማሞቅ የሚጀመረው ከደረት፣ ከአንገት፣ ከብብትና ከብሽሽት ነው። እጅና እግር በኋላ ይደርሳሉ። ሁለት ሦስት ሃይላንድ ለብ ያለ ውሃ ሙሉበት፣ በጨርቅ ጠቅልሉና ብብቱ ስርና ደረቱ ላይ አድርጉ። የፈላ ውሃ አይሁን። ፕላስቲኩም ይጨማደዳል፣ የደነዘዘ ቆዳ ደግሞ መቃጠሉን አይናገርም። በእጃችሁ ይዛችሁ የሚመቻችሁ ሙቀት በቂ ነው። ካስፈለገ አንዱ ጤነኛ ልጅ አንድ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ አቅፎት ይተኛ። እሳት አጠገብ አታስቀምጡት።

ነቅቶ የሚያወራና መዋጥ የሚችል ከሆነ ስኳር የበዛበት ሻይ ወይም ሞቅ ያለ አጥሚት ይጠጣ። (ወንጂ አጠገባችን ተቀምጦ ስኳር የምንሳሳበት ጊዜ አለ፤ ያኔም ቢሆን ለዚህ ሰው አትሳሱ።) ሲንቀጠቀጥ ያደረ ሰው ስኳሩን ጨርሶታል፤ እንዲሞቅ ነዳጅ ያስፈልገዋል። እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለውን ሰው ግን በአፉ ምንም አትስጡት፤ ወደ ሳንባው ይገባል።

ግራ የተጋባ፣ መንቀጥቀጡን ያቆመ ወይም የማይነቃ ሰው የእናንተ ሥራ አይደለም፤ የሆስፒታል ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። አምቡላንስ ከዘገየ ባጃጅ ፈጥኖ ይገኛል፣ ግን ባጃጅ ላይ ሰውየው ተጣጥፎ ይቀመጣል፣ መንገዱም ያንገጫግጨዋል። በጣም የቀዘቀዘ ሰው በጀርባው ተጋድሞ ቢሄድ ነው የሚሻለው። መናኸሪያ አጠገብ ናችሁ፤ የሚኒባስ ሹፌር ለምኑ፣ የኋላ ወንበሩ ላይ አስተኙት። ሌላ ከጠፋ ግን በባጃጅም ቢሆን ይሂድ። ትንፋሹ የሌለ ከመሰላችሁ ቸኩላችሁ «አለቀ» ብላችሁ አትሸፍኑት። የቀዘቀዘ ሰው በደቂቃ ጥቂት ጊዜ ብቻ ሊተነፍስ ይችላል። ጆሮዎን አፉ ላይ አድርገው አንድ ሙሉ ደቂቃ ይጠብቁ። ከሌለ ደረቱን መጫን የሚያውቅ ሰው ይጀምር፣ እየተደወለ።

ከሰሉን በአንድ ቃል፦ አይሆንም። ሜዳ ላይ፣ ሁሉም ነቅቶ እየሞቀ ቢሆን ብዙ ባልተቃወምኩ። ግን ምን እንደሚሆን እናውቃለን። ንፋሱ ሲበረታ ልጆቹ በላስቲክ ይጋርዱታል፣ ምድጃውን ወደ ውስጥ ያስገቡታል፣ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። የከሰል ጭስ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ፤ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ብዙዎቹ ሳይነቁ ነው የሚሞቱት። አንድ ቦታ ያደሩ ሁሉ በአንድ ላይ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ካጥወለወላቸው፣ ካስታወካቸው፣ ምግቡን ከመጠርጠራችሁ በፊት ወደ አየር አውጧቸው፤ ከዚያ ወደ ሐኪም ቤት። ቤንዚን ወይም ማስቲሽ የሚያሸቱ ልጆች ካሉ ደግሞ እሳቱ ራሱ አደጋ ነው።

ብርድ ልብሱ ላይ ልቆይ፤ ገንዘባችሁ ያለው እዚያ ነውና።

ብርድ ልብስ መግዛት ጥሩ ነው። ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ቀን የት ይውላል? ልጁ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ይነሳል። ሱቅ ሊከፈት ነው። እሱ ደግሞ ሻንጣ ሊሸከም መናኸሪያ ይገባል። ብርድ ልብስ ተሸክሞ የሰው ሻንጣ መሸከም አይችልም። ወይ አጥር ስር ይወሽቀዋል፤ ሲመለስ የለም። ወይ የጎርፍ ቱቦ ውስጥ ይደብቀዋል፤ ይረጥባል። ወይ ጉልቤው ይነጥቀዋል። ወይ ከሦስት ቀን በኋላ ሲርበው ይሸጠዋል። እኛም «ሰጠነው፣ ሸጠው» ብለን እንቀየማለን። እኔ አልፈርድበትም፤ ማስቀመጫ የሌለው ሰው ንብረት ሊኖረው አይችልም።

ስለዚህ ከእርስዎ የምለምነው ከብሩ በፊት ጥግ ነው። መጋዘንዎ ውስጥ ወይም ከመደርደሪያው ጀርባ ስምንት ማዳበሪያ የሚሰቀልበት ቦታ። እያንዳንዱ የራሱ ማዳበሪያ ይኑረው፤ በማርከር ምልክት ይደረግበት። ጠዋት ብርድ ልብሱን ይጠቀልላል፣ ይከታል፣ ያስራል፣ ይሰጥዎታል። ማታ ሲዘጉ ይወስዳል። እንዲህ ሲሆን ለመሸጥም ለመነጠቅም አይመችም። በዚያ ላይ ማታ ማዳበሪያው ያልተወሰደለት ልጅ ካለ ማን እንደጎደለ ያውቃሉ። ይሄ ብቻውን ለእኔ ከብርድ ልብሱ ይበልጥብኛል። ጎረቤቶችዎ «ቅማል ያስገቡብናል» ይሏችሁ ይሆናል። ማዳበሪያው በደንብ ከታሰረ፣ ለየብቻ ከተሰቀለና በየሳምንቱ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ያን ያህል አያሰጋም።

ሁለተኛው ነገር፣ ከላይ ከሚለብሱት ይልቅ ከስር የሚያነጥፉት ይቅደም። ሁለት ብርድ ልብስ ለብሶ ባዶ ሲሚንቶ ላይ የተኛ ሰው ይበርደዋል። የተጫነው ብርድ ልብስ ጨርቁ ስለሚጨፈለቅ አየር አይዝም፤ ሙቀት የሚይዘው ደግሞ አየሩ ነው። እርስዎ ሱቅ ውስጥ የፓስታና የሳሙና ካርቶን አይጠፋም። አይጣል፣ አይሸጥ። መጀመሪያ እርጥበት እንዳይመጣ ላስቲክ ይነጠፍ፤ በላዩ ካርቶን ተዘርግቶ ሦስት አራት እጥፍ፤ ቢገኝ በላዩ አሮጌ ስፖንጅ። ካርቶን ከረጠበ ዋጋ የለውም፤ ይቀየር። ላስቲኩ ከስር እንጂ ከላይ አይሁን። ላስቲክ ተከናንቦ የተኛ ልጅ በራሱ ትንፋሽና ላብ ረጥቦ ያድራል፤ ፊቱን ከሸፈነው ደግሞ ሊታፈን ይችላል። ንፋሱን ለመከልከል ከሆነ ሸራውን ንፋሱ በሚመጣበት በኩል ብቻ፣ ከበረንዳው ቋሚ ጋር አስራችሁ እንደ ግድግዳ አቁሙት። ሌላው ጎን ክፍት ይሁን።

ይህን ስጽፍ አንዳንድ በረንዳ ላይ ማታ ሆን ተብሎ ውሃ እንደሚደፋ አስታወስኩ። ሰው እንዳይተኛበት ነው። ሰው ግን ይተኛበታል፤ ሌላ ቦታ የለውማ። ከላይ ስለ እርጥብ የጻፍኩትን ያስታውሱና የሚያውቁት ባለሱቅ ካለ በጨዋ ደንብ ይንገሩት። ወለሉን ማጠብ ከፈለገ ጠዋት ይጠበው፤ ፀሐዩ ያደርቀዋል።

ሦስተኛ፣ መዋጮውን ሁሉ ብርድ ልብስ ላይ አትጨርሱት። ከሰልባጅ ተራ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ስስ ሹራብ፣ የሱፍ ኮፍያና ሁለት ጥንድ ካልሲ ግዙ። ሁለት ስስ ሹራብ ከአንድ ወፍራም ይሻላል፤ መሃል ላይ አየር ይይዛል፣ ላብ ሲመጣም አንዱን ማውለቅ ይቻላል። ሰውነት ላይ የተለበሰ ነገር ደግሞ በቀላሉ አይሰረቅም። ካልሲ ሁለት ጥንድ ያልኩት አንዱ ለማታ ብቻ እንዲሆን ነው። ቀኑን ሙሉ በላስቲክ ጫማ የቆየ እግር እርጥብ ነው። በተለይ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎርፍ ውስጥ ሲረግጡ ይውላሉ። እግር ለብዙ ሰዓት እርጥብና ቀዝቃዛ ከሆነ ያለ በረዶም ይጎዳል። ይነጣል፣ ይደነዝዛል፣ ከዚያ ያብጥና ይላጣል። ማታ አድርቆ ደረቅ ካልሲ ማድረግ ይከላከለዋል። ጋቢ ያላችሁ ሰዎች ጋቢ መስጠት ይቀናችኋል፤ ጥሩ ነው፣ ግን ጥጥ ሲረጥብ ሙቀት መያዙን ይተዋል። ለክረምት ሱፍ ወይም ፖሊስተር ይሻላል።

አዲሱን ልብስ ስትሰጡ አሮጌው ላይ አይደርብ፤ ይቀይር። የልብስ ቅማል የሚኖረው ቆዳ ላይ ሳይሆን ልብሱ ስፌት ውስጥ ነው። አሮጌውን በፈላ ውሃ ቀቅሉት፤ ካልተመቸ ማዳበሪያ ውስጥ አጥብቃችሁ አስራችሁ ሁለት ሳምንት አቆዩት። ደም ያላገኘ ቅማል ይሞታል። ከዚያ ታጥቦ መለወጫ ይሆነዋል። አሰጣጡ ደግሞ በአንድ ምሽት፣ ለሁሉም እኩል ይሁን። ለአንዱ ሰጥቶ ሌላውን ማለፍ በዚያው ሌሊት ጠብ ያስነሳል፤ የሚጎዳው ደግሞ ትንሹ ነው።

ምግብ ላይ ብዙ አልልም፤ አንድ ነገር ብቻ። ሰዓቱን ወደ ማታ አዙሩት። ብዙ ደግ ሰው ጠዋት ነው ዳቦ የሚያድለው። ሰውነት ሌሊት የሚያነደው ግን ከመተኛቱ በፊት የበላውን ነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ የተሰጠ ዳቦና ሻይ ንጋት ላይ ያሞቃል። በሶ ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ነገር ነው፤ ማብሰል የለ፣ አይበላሽ፣ በሃይላንድ ውሃና በትንሽ ስኳር ይበጠበጣል። አንድ ከረጢት በሶ መደርደሪያዎ ላይ ይቀመጥ።

ማስቲሽ ስለሚስቡት ልጆች። እንዲተዉት መምከር ሌላ ጊዜ ነው፤ ሌሊት ላይ የሚሠራ ምክር አይደለም። የሚስቡት ረሃቡንና ብርዱን ስለሚያስረሳቸው ነው፤ ችግሩም እሱ ነው፣ ብርዱ ሲጎዳቸው አይሰማቸውም። ስለዚህ ከሁሉ ቀድሞ የሚታየው ማስቲሽ የሳበው ልጅ ይሁን። ሌላው፣ እየሳበ ያለን ልጅ አታባሩት፣ በዱላ አታስደንግጡት። ማስቲሽና ቤንዚን ልብን በጣም ቁጡ ያደርጋሉ፤ ድንገት የደነገጠና የሮጠ ልጅ ልቡ ሊቆም ይችላል። ዘበኞች ይሄን ቢያውቁ እወዳለሁ።

እናንተ ጋ ሕፃን የያዘች እናት የለችም፤ ግን መናኸሪያ ነውና ነገ ልትመጣ ትችላለች። አራስ ሕፃን እንደ ትልቅ ሰው አይንቀጠቀጥም። ሲበርደው ዝም ይላል፣ ጡት መሳብ ያቆማል፣ ይልፈሰፈሳል። ጸባየኛ ልጅ ነው ይባላል። ሕፃኑ ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ ሆኖ እናቱ ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ ይሁን፤ ከላይ ሁለቱም በነጠላና በብርድ ልብስ ይሸፈኑ። ጡት ካልሳበ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል። እሷን በረንዳ ላይ አታሳድሯት። ከሰፈሩ አንድ ቤት አንድ ጥግ አይጠፋም።

አባባ አሁን ቢሻላቸውም ይታዩ። በ10 ዲግሪ እንዲህ የተጎዱ ሽማግሌ ሌላ ነገር ሊኖርባቸው ይችላል፤ የሳንባ ምች፣ ስኳር፣ የአንገት ዕጢ (ታይሮይድ) ሥራ ማነስ። ሳል ካላቸውና ሁለት ሳምንት ካለፈው የቲቢ ምርመራ ይደረግላቸው፤ የቲቢ መድኃኒት በነፃ ነው። ብቻቸውን አትላኳቸው። መታወቂያ የሌለው፣ ልብሱ የቆሸሸ ሽማግሌ ካርድ ክፍል በር ላይ ብዙ ይቆማል። አጠገቡ አንድ ባለሱቅ ሲኖር ነገሩ ይፈጥናል። እንዲህ መሆን አልነበረበትም፣ ግን እንዲህ ነው። ለሕይወት በሚያሰጋ ድንገተኛ ሕመም ከሆነ የሄዱት፣ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ግቡና መጀመሪያ ይታከሙ፣ ሒሳቡን በኋላ እንነጋገራለን በሉ።

ለዘለቄታው ወረዳችሁ ላይ የማህበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች አሉ። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት የሚባለው የድጋፍ ፕሮግራም በ2009 ዓ.ም ሲጀመር አዳማ ከመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች አንዷ ነበረች፤ ጎዳና ላይ ለሚኖሩ ሰዎችም የሚሆን ክፍል ነበረው። ሲሄዱ «ልጆች አሉ» ብለው ብቻ አይሂዱ። ስም፣ ግምታዊ ዕድሜ፣ የመጡበት አካባቢ፣ የታመመ ካለ ማን እንደሆነ በወረቀት ይዘው ይሂዱ፤ ግን መጀመሪያ ልጆቹን ያስፈቅዱ። ልጅን ወደ ቤተሰቡ መመለስ የእነሱ ሥራ ነው። እናንተ ትኬት ቆርጣችሁ አውቶቡስ ላይ አታሳፍሩ፤ የሸሸው ከምን እንደሆነ አታውቁም።

ከመዋጮው ትንሽ ለዘበኛው አስቀሩ፤ የእጅ ባትሪና የሞባይል ካርድ። ብርዱ የሚከፋው ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ነው። በዚያ መሃል አንዴ ይዙር። እያንዳንዱን በስሙ ይጥራው። «አቤት» ካለ ይተወውና ይለፍ። ካላለ ሆዱን ይንካ፣ ሱቁን ያስከፍት፣ ለእርስዎና ለ907 ይደውል። አረቄውን ለራሱ ያስቀምጠው፤ ያውም ሥራ ሲወጣ።